ሁለተኛው አዳር፦ ከዓባይ በረሃ እስከ ጣና ዳር የእንግዳ ብር የሚሄድበት መንገድ

የባሕር ዳር የቱሪዝም ገቢ መቆጠር ያለበት በአዳር ነው። በየዓመቱ የገባው እንግዳ ብዛት ሲነገር ደስ ይላል፤ ነገር ግን ማታ ደርሶ በማግስቱ ሐይቁን አይቶ ወደ ጎንደር የሚያልፍ ሰው ለከተማዋ የሚተወው የአንድ ሌሊት አልጋ፣ እራትና ቁርስ፣ ከዚያም የጀልባ ኪራይ ነው። አንድ ሌሊት ሲጨምር ምሳው፣ ባጃጁ፣ ገበያው፣ ዓሣው፣ የጢስ ዓባይ አስጎብኚው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል። የሚከተለው ማስታወሻ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጎጃም ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ በየቀኑ እየተከተለ፣ ብሩ የት እንደሚወጣ፣ ማን እጅ እንደሚገባና የት ላይ ከአካባቢው እንደሚያመልጥ ይናገራል።

ከመነሳት በፊት አንድ ነገር፦ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት የተነሳ የየብስ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በዋዜማው ደጀን፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ላሉ ሆቴሎች ደውሎ ስለ መንገዱ መጠየቅ ግድ ነው፤ ከመሸ በኋላ መንዳት ፈጽሞ አይመከርም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። በአየር የሚገባ እንግዳ ግን ለመንገድ ዳር ከተሞች ምንም ሳይተው ከላያቸው ያልፋል፤ የመንገዱ መዘጋት ጉዳትም በመጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።

አንደኛ ቀን፦ አዲስ አበባ – ደብረ ማርቆስ፣ 300 ኪ.ሜ. ያህል

ከጠዋቱ 12 ሰዓት መነሳት ይሻላል። ከሱሉልታ እስከ ጎሐ ጽዮን ሜዳውን አልፎ የዓባይ በረሃ ይጀምራል። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ወንዙን ይሻገርና ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ ለሚደርሰው አደጋ ዋናው ምክንያት ፍሬን ነው፦ ሾፌሩ በከፍተኛ ማርሽ ለቆ ፍሬኑን ያለማቋረጥ ሲረግጥ ሸራው ይግላል፤ ሲግል መያዝ ያቆማል። መፍትሔው ከመጀመሪያው መታጠፊያ ጀምሮ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ፣ የሸራ ሽታ ከመጣም ሰፊ ቦታ ፈልጎ መቆም ነው። የሞቀ ጎማ ላይ ውኃ ማፍሰስ የተለመደ ቢሆንም ዲስኩን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ በራሱ እንዲቀዘቅዝ ማቆየት ይሻላል። አስፋልቱ የተጨማደደበትና የሰመጠበት ቦታም ብዙ ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ስለሚንሸራተት በየጊዜው ቢጠገንም ተመልሶ ይበላሻል።

ወንዙን የሚያሻግረው በጃፓን እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ነው፤ የቀድሞው ጠባብ ድልድይ አጠገቡ ይታያል። ፎቶ ለማንሳት መጀመሪያ ጠባቂዎቹን ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

ደጀን የምሳ ከተማ ናት። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጉዳይ ግልጽ ይሆናል፦ የቡድን እንግዳ የት እንደሚበላ የሚወስነው በአብዛኛው ሾፌሩ ነው። ምግብ ቤቱ ለሾፌሩ ምሳ በነጻ ያቀርባል፤ ሾፌሩም ደንበኛ ያመጣል። ልማዱ በራሱ ክፉ አይደለም። ችግሩ ገንዘቡ ሁሉ ሁለት ሦስት ቤቶች ላይ መከማቸቱ ነው። የምሥራቅ ጎጃም ጤፍ በአገሩ የታወቀ ነው፤ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ የአካባቢውን እንጀራ የምታቀርብ ባለ አነስተኛ ቤት ግን የእንግዳ መኪና አይደርሳትም።

ማታ ደብረ ማርቆስ። የድሮዋ መንቆረር፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማ። የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያንንና የንጉሡን ግቢ ለማየት ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ነገር ግን ብዙ መርሐ ግብር ደብረ ማርቆስን ነዳጅ መቅጃ አድርጎ ያልፋታል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 565 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ቀን የሚነዳው ሾፌር ደክሞ፣ እንግዳውም ተሰላችቶ ይደርሳል፤ በማግስቱ ሐይቅ ላይ ረፋዱ ላይ ይወጣና ነፋሱ ይይዘዋል። መንገዱን ለሁለት መክፈል ለደብረ ማርቆስም ለባሕር ዳርም ይበጃል።

ሁለተኛ ቀን፦ ደብረ ማርቆስ – እንጅባራ – ባሕር ዳር፣ 265 ኪ.ሜ. ያህል

ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ። ቡሬ ላይ አጭር የሻይ እረፍት ይበቃል። ከእንጅባራ ትንሽ ቀደም ብሎ የዘንገና ሐይቅ አለ፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ክብ ጥልቅ ሐይቅ፣ ለዋናው መንገድ በጣም ቅርብ። አንድ ሰዓት በቂ ነው። እንጅባራ አካባቢ በመንገዱ ዳር የቀርቀሃ ወንበርና መደርደሪያ ይሸጣል። የቀርቀሃ ሥራ ሲገዛ መገጣጠሚያውን መነቅነቅ፣ ደርቆ እንደሆነ በክብደቱ መገመት ነው፤ እርጥብ ተሠርቶ የተሸጠ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ነቀዝም ይገባዋል። ጉዞው ጥር 23 ላይ ከዋለ የአገው ፈረሰኞች በዓል ይታያል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በየዓመቱ ያከብራል። በዚያ ሳምንት እንጅባራ ውስጥ አልጋ ማግኘት ከባድ ስለሚሆን ብዙ ሰው ባሕር ዳር ወይም ዳንግላ ያድራል፤ ቀድሞ መያዝ ነው።

ሰከላ ያለውን ግሽ ዓባይን ለማየት የሚፈልግ ሰው ለብቻው አንድ ቀን ይመድብ። ጠበል ስለሆነ ምግብ ሳይቀምሱ መቅረብ ይገባል። ከባሕር ዳር መንገድ ጋር አጣብቆ ለማየት የሞከረ ሁለቱንም በአግባቡ አያይም።

መራዊ ሲደረስ የቆጋ መስኖ ነው፤ የተነደፈው 7,000 ሄክታር እንዲያለማ ነው። ስንዴ፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ አቮካዶ ይመረትበታል። ስለ ቱሪዝም ጥቅም ስናወራ ይህን ማሳ ማየት ተገቢ ነው። የሆቴሉ ሰላጣ ከመራዊ ሲመጣ የእንግዳው ብር በአንድ ቀን ገበሬው ኪስ ይገባል፤ ሆቴሉ የሚያስፈልገውን ከአዲስ አበባ በመኪና ሲያስመጣ ግን ብሩ በመጣበት ይመለሳል። ሆቴሎች ከገበሬው በቀጥታ የማይገዙበት ምክንያት ከመጥላት አይደለም፦ ዓመቱን ሙሉ እኩል መጠን፣ እኩል ጥራትና ደረሰኝ ይፈልጋሉ። ገበሬው በተናጠል ሦስቱንም ማሟላት አይችልም፤ ዩኒየን ወይም ማኅበር ግን ይችላል። አንድ ከተማ ከቱሪዝም የምታገኘውን ገቢ ለማሳደግ ከዚህ የረከሰ መንገድ ያለ አይመስልም።

ባሕር ዳር 10 ሰዓት አካባቢ መግባት ይቻላል። በዚያ ምሽት ሐይቅ ዳር ትንሽ መራመድና ለነገው ጀልባ መነጋገር ይበቃል።

ሦስተኛ ቀን፦ ጣናና ዘጌ

ጀልባው ከጠዋቱ 1 ሰዓት መነሳት አለበት። ጣና ጠዋት ጸጥ ያለ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ትንሿን ጀልባ በጎኗ ይመታታል። ጀልባ ነጂዎቹ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ የመጣን እንግዳ ግን ገቢው ስለሚያስፈልጋቸው አይመልሱትም፤ ስለዚህ በሰዓት መነሳት የእንግዳውና የአስጎብኚው ኃላፊነት ነው።

የጀልባ ዋጋ የሚነገረው ለጀልባው እንጂ ለሰው አይደለም። ሁለት ሰውም ስምንት ሰውም የሚከፍሉት ያው ነው፤ ስለዚህ ሆቴል ውስጥ ሌሎች እንግዶችን ፈልጎ መቀላቀል ወጪውን ይቀንሳል። ዋጋ ሲስማሙ አራት ነገር በግልጽ ይነገር፦ የትኞቹ ገዳማት እንደሚጎበኙ፣ ስንት ሰዓት ቆይታ እንዳለ፣ ነዳጅ በማን እንደሆነ፣ የዘጌ የአካባቢ አስጎብኚ ክፍያ ውስጡ አለ ወይስ የለም። ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁልጊዜ ከአራተኛው ነው። የአደጋ መከላከያ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው መኖሩን ሳያዩ አለመሳፈር፤ ሲታይም ዘለበቱ የሚገጥም መሆኑ ይሞከር። ቤንዚን ሲጠፋ ዋጋው ይወደዳል፤ ነጂው በጀሪካን ከጥቁር ገበያ ስለሚገዛ ነው እንጂ እንግዳ ስላየ አይደለም።

በመንገድ ላይ ደላላ ይዞ የመጣ እንግዳ የሚከፍለው ከፍ ያለ ቢሆንም ለነጂው የሚደርሰው አይጨምርም፤ ልዩነቱ የደላላው ነው። በሐይቁ ዳር የተደራጁ የጀልባ ማኅበራት በተራ ይሠራሉ፤ ወደ ማኅበሩ በቀጥታ መሄድ ገንዘቡ ለአባላቱ እንዲደርስ ያደርጋል። ተራው ለጀልባ ነጂዎች ፍትሐዊ ነው፤ ጉዳቱ ጀልባውን ያሳደሰውና ያላሳደሰው እኩል ተራ ማግኘታቸው ነው። ለታደሰ ጀልባ ጥቂት ከፍ ያለ ዋጋ ቢፈቀድ ጥገናው ይበረታታ ነበር።

ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከወደቡ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ድረስ በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ይወጣል። ገዳሙ በግድግዳ ሥዕሎቹ የታወቀ ነው፤ በፍላሽ ፎቶ ማንሳት ቀለሙን ስለሚጎዳ አይገባም። ጫማ ይወልቃል፣ ልብስ ሰውነትን የሚሸፍን ይሁን። አዝዋ ማርያም በመንገዱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ገዳም የመግቢያ ክፍያውን ለየብቻ ይቀበላል፤ የቪዲዮ ካሜራም የራሱ ክፍያ አለው። ዝርዝር ብር መያዝ ያስፈልጋል፤ ገዳም ውስጥ መልስ ማግኘት ያስቸግራል። ደረሰኝ መቀበል እንግዳውን አያዋርድም፣ ገዳሙንም ይጠብቃል።

ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡም፤ ይህ ከመሳፈር በፊት ለእንግዳው መነገር አለበት። የነገሥታት አፅም ያለበት ዳጋና እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ራቅ ስለሚሉ ከዘጌ ጋር በአንድ ቀን አይጣመሩም። እነሱን ለማየት የሚፈልግ ሌላ ሙሉ ቀን፣ እግረ መንገዱንም ሌላ አዳር ይጨምራል።

የዘጌ ጥቅም ከጀልባው ይልቅ በቡናው ላይ ነው። የዘጌ ሰው በልማድ መሬቱን በበሬ አያርስም፣ ከብትም አያረባም፤ ጫካው የቆየው በዚህ ሥርዓት ነው። ኑሮው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። እንግዳው በመንገዱ ዳር ካለች ሴት አንድ ኪሎ ቡና ሲገዛ ብሩ ያለ አማላጅ ቤቷ ይገባል። ሲገዙ ፍሬው እኩል መጠን ያለው፣ ያልተሰበረና የሻጋታ ሽታ የሌለው መሆኑን ማየት ነው። ጥሬውን መግዛት ለረጅም መንገድ ይመቻል፤ የተቆላው ጣዕሙ ቶሎ ይለቃል። በዚያው ጫካ ውስጥ የተፈላ ቡና ጠጥቶ መመለስ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ የሚያስፈልገው 40 ደቂቃ ብቻ ሲሆን ብዙ አስጎብኚ ይህን ጊዜ የሚነፍገው ከሰዓት በኋላ ጢስ ዓባይን ለማድረስ ሲቻኮል ነው። ሁለተኛው አዳር የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

በመመለሻው የዓባይ ወንዝ ከሐይቁ የሚወጣበት ደብረ ማርያም አካባቢ ጉማሬ ሊታይ ይችላል። ሞተሩን ቀንሶ ርቀት መጠበቅ ነው፤ ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆችም ይታያሉ። ታንኳ መሥራት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የቆየ ሙያ ነው። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ከውኃ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። ደንገሉ ግን በእርሻና በግንባታ ምክንያት ከሐይቁ ዳር እየራቀ ነው። ለእንግዳ የሚሸጠው ትንሹ የታንኳ ቅርጽ ጥቂት ደንገል ስለሚፈልግ ለሠሪው ከትልቁ ይልቅ ያዋጣዋል።

አራተኛ ቀን፦ ጢስ ዓባይ

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፏፏቴውን ለማየት ጥሩው ጊዜ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው፤ በበጋ የሚመጣ እንግዳ ፎቶ ላይ ያየውን ላያገኝ ይችላል፤ ይህ ቀድሞ ይነገረው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ1956 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያው፣ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ተሠሩ፤ ውኃው ከፏፏቴው በላይ እየተጠለፈ ወደ ተርባይኑ ገባ። በሐይቁ መውጫ ላይ ያለው ግድብም ከሐይቁ የሚወጣውን ውኃ እንዲቆጣጠር ተደረገ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ስለሚወስድ በበጋ ወደ ዓባይ የሚወርደው ቀነሰ። 460 ሜጋ ዋት ለአገር የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው፤ የጢስ ዓባይ ከተማ ሻይ ቤት ባለቤትም እንግዳዋን ያጣችው በዚያው ምክንያት ነው። በጥምቀት ሰሞን፣ እንግዳ በሚበዛበት ጊዜ፣ በታወቁ ሰዓታት ውኃ ቢለቀቅና ሰዓቱ ለአስጎብኚዎች ቢነገር የሚጠፋው ኃይል ጥቂት፣ የሚገኘው አዳር ብዙ ነው።

ትኬት የሚቆረጠው ከተማዋ ውስጥ ነው፤ ፏፏቴው ጋ ደርሶ መመለስ እንዳይመጣ ቀድሞ ይቆረጥ። የአካባቢው አስጎብኚዎች በማኅበር ይሠራሉ። ከዚያ በእግር ወደ አላታ ድልድይ ይወረዳል፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። መንገዱ በክረምት ጭቃና አንሸራታች ነው፤ ሶሉ የሚይዝ ጫማና የመደገፊያ ዱላ ያስፈልጋል። ዱላውን ልጆች ያከራያሉ። በትምህርት ሰዓት ከልጅ መከራየት ግን ልጁን ከክፍል ያስቀራል፤ ከትልልቆቹ መከራየት ይሻላል። ፏፏቴው 40 ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ ውኃው ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። በሌላው ወገን ዞሮ በጀልባ ወንዙን ተሻግሮ መመለስ ይቻላል፤ ወንዙ በጣም ሲሞላ ጀልባው ይቆማል፣ በመጡበት መመለስ ነው።

የጢስ ዓባይ ከተማ ከዚህ ሁሉ የምታገኘው ትንሽ ነው፤ ትኬት፣ አስጎብኚ፣ የጀልባ መሻገሪያ፣ ለስላሳ፣ አልፎ አልፎ ሻሽና ነጠላ። መኪናው ጠዋት ወጥቶ ለምሳ ባሕር ዳር ይመለሳልና። በከተማዋ ሽሮና እንጀራ አስቀድሞ ማዘዝ ይቻላል፤ በስልክ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መናገር ይበቃል። ባለ ምግብ ቤቷ ሳታውቅ ለአሥር ሰው መሥራት አትችልም፤ «ምግብ የለም» የሚለው መልስም የሚመጣው ከዚህ ነው።

አምስተኛ ቀን፦ ከተማው፣ ዓሣውና ሒሳቡ

ይህ ቀን ቅዳሜ ላይ ቢውል መልካም ነው፤ ገበያው ይደምቃል። ጠዋት ከሐይቁ የሚወጣው ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት የሚመለስ ነው። በረዶ የሌለው ዓሣ እኩለ ቀን ላይ ይለሰልሳል፤ አጥማጁ በዝቅተኛ ዋጋ ጠዋት ለመሸጥ የሚገደደውም ለዚህ ነው። ትልቁን ትርፍ የሚያገኘው ማቀዝቀዣ ያለው ነጋዴ ነው። ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላሉን ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ይወጣል፤ በዚያ ጊዜ ወንዝ አፍ ላይ መረብ መጣል የቀጣዩን ዓመት ዓሣ መጨረስ ነው። ምግብ ቤት ገብቶ በእነዚያ ወራት ቀረሶ ማዘዝ ቀላል እርዳታ ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ የታየው እምቦጭ አረም በተለይ ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ወረሰው፤ በዚያ ያለ አጥማጅ ከነመረቡ ሥራ ፈታ።

የሆቴል ሒሳብ እንመልከት። የአልጋ ዋጋ 3,000 ብር ነው እንበል፤ ምሳሌ ነው። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመር 3,300 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት 495 ብር ሲታከል 3,795። እንግዳው «3,000 ተብሎ ነበር» ብሎ የሚቆጣው ይህ ስላልተነገረው ነው፤ አልጋ ሲያዝ «ሁሉን ጨምሮ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከተከፈለው ውስጥ ቫቱ ለመንግሥት፣ የአገልግሎት ክፍያው በብዙ ቤት ለሠራተኛው ክፍፍል፣ ቀሪው ለባለቤቱ፣ ለባንክ ብድርና ለአቅራቢ ነው። ፍራሹ፣ የጄነሬተር መለዋወጫውና አሳንሰሩ ከውጭ ወይም ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። እንግዳው ጥቅሉን የከፈለው አዲስ አበባ ላለ አስጎብኚ ድርጅት ከሆነ የውጭ ምንዛሪው፣ የመኪናው ኪራይና የሾፌሩ ደመወዝ እዚያው ይቀራል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት በብር ውል የገቡ ሆቴሎች ወጪያቸው ሲያድግ ዋጋቸው እንደቆመ ቀረባቸው፤ ውል ላይ የዋጋ ማሻሻያ አንቀጽ ማስገባት የዚህ ትምህርት ነው።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያ የክልሉ ግጭት ተደራርበው የውጭ እንግዳውን አራቁት። ሆቴሎቹን ያቆያቸው የአገር ውስጥ ሰው ነው፦ ስብሰባ፣ ምርቃት፣ ሠርግ፣ የጫጉላ ጉዞ፣ የበዓል ምእመን። የስብሰባ አበል ግን አልጋና አዳራሽ ላይ ያበቃል፤ ተሰብሳቢው ጀልባ አይሳፈርም። ስብሰባው ዓርብ ቢያልቅና ሆቴሉ ለቅዳሜ አዳር ቅናሽ ቢያደርግ ተሰብሳቢው ቤተሰቡን ጠርቶ ሐይቅ ይወጣል፤ ጀልባ ነጂውም የቅዳሜ ሥራ ያገኛል።

ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ መውጣት፣ የዓባይን አወጣጥ ከላይ ማየት። የባጃጅ ኮንትራት ዋጋ ደርሶ መልስና የመጠበቂያ ጊዜን ጨምሮ ሳይሳፈሩ ይቆረጥ።

ስድስተኛ ቀን፦ ወደ ጎንደር

ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ መውጫውን አቅልሎታል። ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። መኪኖች ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚነሱት በልማድ ብቻ ነው፤ መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ምሳውን ባሕር ዳር በልቶ 7 ሰዓት የተነሳ እንግዳ ኬላ ላይ አንድ ሰዓት ቢቆይ እንኳ ሳይመሽ ጎንደር ይገባል።